የዓርብ ፊት

ሰው በምን ይወደዳል? በዓይኑ የሚወደድ አለ፣ በአፉ የሚወደድ አለ፣ በኪሱ የሚወደድም አይጠፋም። ሱረያ ግን ሙነወርን የወደደችው በጅብና በጃርት መሀል ተሰልፎ ስላገኘችው ነው። ሳቁ እንጂ፣ ነገሩ እውነት ነው።

ሱረያ የደሴ ልጅ ናት። አባቷ ሀጂ አብዱልመናን ስመ ጥር የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ እሷ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ ዱር እንስሳት ታስተምራለች። ለጥናቷ ብላ ከሐይቅ ከተማ በላይ ባለው ተራራ ላይ ስምንት ካሜራ አስራለች። ካሜራው እንስሳ ከፊቱ ሲያልፍ ራሱ ፎቶ የሚያነሳ ዓይነት ነው። ሌባ እንዳይወስደው በብረት ሳጥን ተቆልፎ ከዛፍ ጋር ይታሰራል፤ ቁልፉ ያለው በሁለት ሰው እጅ ብቻ ነው፣ በእሷና በሙነወር።

ሙነወር እዚያው ሐይቁ ላይ አሳ የሚያጠምድ ልጅ ነው። ሳዑዲ አራት ዓመት ግመል ሲጠብቅ ኖሮ ባዶ እጁን የተመለሰ፣ ከታመመች እናቱ ከእማማ ሀዲያና ከእህቱ ከሀፊዛ ጋር የሚኖር ሰው። ተራራውን እንደ መዳፉ ያውቀዋል። ዓርብ ዓርብ ከጁምአ ሶላት በኋላ ወጥቶ የካሜራዎቹን ባትሪ ይቀይራል። ሱረያ በየአስራ አምስት ቀኑ ሐሙስ ሐሙስ በሚኒባስ መጥታ ፎቶዎቹን ትወስዳለች። እንዲህ ሲሆን ቀናቸው አይገጥምም፤ ሳይተያዩ ወር የሚያልፍበት ጊዜ ነበር።

ካሜራ ግን ሰው ከአውሬ አይለይም። ሙነወር ሳጥኑን ሲከፍት የእሱንም ፊት ያነሳዋል። ሱረያ ደሴ ቁጭ ብላ ፎቶዎቹን ስትመረምር ጅብ፣ ጃርት፣ ድኩላ፣ ሽኮኮ ታይና ድንገት ሙነወር ብቅ ይላል፤ ግንባሩ በላብ ርሶ፣ ቅንድቡን ቋጥሮ። መጀመሪያ ሰሞን ታጠፋው ነበር። በኋላ ማጥፋቱን ተወችው። ሲውል ሲያድር ጅቡንም ጃርቱንም እየዘለለች ዓርብን መፈለግ ጀመረች። እሱም ሳይገባው አልቀረም። አንድ ዓርብ ቅንድቡ ተፈታ፤ ሌላ ዓርብ ፈገግ አለ፤ መስከረም ላይ ደግሞ የአደይ አበባ በጥርሱ ነክሶ መጣ። ያን ዕለት ሱረያ ብቻዋን ስትስቅ እናቷ «ምን ነካት ይቺን ልጅ?» ብለው ቢስሚላህ አሉ።

ደብዳቤው የተጀመረው በሥራ ነው። «የሦስተኛው ካሜራ ባትሪ ቶሎ ያልቃል» ብሎ በብጣሽ ወረቀት ጽፎ፣ መንገድ ዳር ባለችው ወይራ ላይ በታሰረው ሳጥን ውስጥ ተወላት። «አመሰግናለሁ። እናትህ ተሻላቸው?» ብላ መለሰችለት። ከዚያ ወዲያ የባትሪው ነገር ተረሳ። ስልክ የለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አለ፤ ግን የሙነወር ስልክ የቤተሰቡም የጎረቤቱም ስልክ ነው፤ ቀድሞ የደረሰ ያነሳዋል። የወይራዋን ሳጥን የሚከፍት ግን ከሁለቱ ሌላ የለም።

ጥቅምት ላይ ሙነወር በዚያች ሳጥን ውስጥ አንዲት መስመር ተወላት። «ሽማግሌ ወደ አባትሽ ልላክ?»

ሱረያ ሦስት ወር ሙሉ ሳትመልስ ቀረች። አልወደደችው ይሆን እንዳትሉ፣ ወዳዋለች። ግን የሀጂ አብዱልመናን ልጅ ለአሳ አጥማጅ! አባባ ምን ይላሉ፣ ዘመድ ምን ይላል እያለች ስትገላበጥ ከረመች። ሙነወርም አልጎተጎታትም። ዓርብ ዓርብ ከፎቶው ውስጥ ዓይኑ ብቻ ይጠይቃት ነበር።

ደግሞ ነብሯ አለች። ሱረያ ስድስት ዓመት ስትፈልጋት ኖራ፣ አንድ ግልገል ይዛ ዋርካው ዋሻ በሚባለው ቦታ ያገኘቻት ነብር። መንገዱን ያሳያት ሙነወር ነው። «ወላሂ ቦታዋን ለሰው አልናገርም» ብሎ ማለላት። እሷ ደግሞ «በስልክም ቢሆን ስሟን እንዳታነሳ፣ ስልክ ጆሮው ብዙ ነው» ብላ ሕግ አወጣች። ሕጉ የራሷ ነው፤ ይህን ያዙልኝ።

ጥር ላይ፣ በአንዱ ሐሙስ፣ ሱረያ ከዋርካው ዋሻ ማዶ ቀይ ገደል ላይ ያለውን ካሜራ ከፍታ ፎቶዎቹን ብታይ ልቧ ቀጥ አለ። ነብሯ ግልገሏን በአፏ አንጠልጥላ ቀይ ገደል ገብታለች። ቤት ቀይራለች! ሱረያ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጻፈች። «ልጅቷን ይዛ ቀይ ገደል ገብታለች። ወደዚያ ሰው እንዳታስጠጋ።» እስክሪብቶውን አፏ ውስጥ ከታ ቁልቁል ሐይቁን ስታይ ቆየች። ውሃው ላይ አንዲት ጀልባ ነበረች፤ የእሱ ትሁን የሌላ ከዚያ ርቀት አይለይም። ሦስት ወር ያስጨነቃት ነገር ሁሉ ድንገት ቀለለላትና ከሥር ጨመረች። «ሽማግሌ ላክ። አባባን እኔ እችላቸዋለሁ።»

ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ ወይራዋ ሳጥን ውስጥ ከተተችው። ነገ ዓርብ ነው። ደሴ እስክትደርስ ሚኒባሱ ውስጥ ብቻዋን ፈገግ እንዳለች ነበር።

እሑድ ጠዋት አንዲት ጓደኛዋ ፎቶ ላከችላት። «ያንቺ ሐይቅ አይደለም እንዴ ይሄ?» የሚል ተጽፎበታል። ነብር ሞታ ተጋድማለች፤ ጦርና ዱላ የያዙ ሰዎች ከበዋታል። ከጀርባቸው ያለውን ቀይ አለት ሱረያ ከሩቅ ታውቀዋለች። የግራ ጆሮዋ ቅዳጅም የእሷው ነብር ምልክት ነው። ስልኩ ከእጇ ወደቀ።

ሐይቅ እንዴት እንደደረሰች አታስታውስም። ከባጃጅ ወርዳ ወደ ውሃው ዳር ስትሮጥ ሙነወር ከአምስት ስድስት አሳ አጥማጆች ጋር መረብ እየጠገነ ነበር። ሲያያት ብድግ አለ። ፊቱ ጠቁሯል፣ ዓይኑ ቀልቷል። ወትሮ ቢሆን ይህን ታይ ነበር።

«እኔና አንተ ብቻ አልነበርንም ወይ የምናውቀው?»

«ሱረያ፣ ቀስ በይ፣ ሰው አለ።»

«ይስማ! ምን እንዳይመጣ ነው? ተናገርክ ወይስ አልተናገርክም?»

መረብ የሚጠግኑት ሰዎች እጃቸውን አቆሙ። ሁሉም የአንድ ቅሬ ሰዎች ናቸው። ቅሬን ሌላው አገር እድር ይለዋል፤ ወሎ ላይ ግን ከእድርም ይበልጣል። ሙስሊምና ክርስቲያን ሳይል ሁሉንም ያቅፋል፤ ይቀብራል፣ ያስታርቃል፣ አውሬ ሲያስቸግርም ተጠራርቶ ይወጣል። ከቅሬ የተባረረ ሰው በቁሙ ሞቷል፤ ሬሳውን እንኳ የሚያነሳለት የለም።

«የደሳለኝን ፍየሎች ፈጀቻቸው» አለ ሙነወር በለሆሳስ። «ዓርብ ከጁምአ እንደወጣን ቅሬው ተጠራ። እንዳንሄድ ብለው እስከ ማታ ያዙን። እኔን፣ ካሜራውን የምታውቅ አንተ ነህ፣ ያለችበትን ተናገር አሉኝ። ቁርኣን አስያዙኝ።»

«እና ተናገርክ።»

አፉን ከፈተ። ዞሮ ሰዎቹን አየ። ሁሉም እሱን ያያሉ።

«ተናገርኩ» አለ።

«እያወቅክ! ጽፌልህ እያወቅክ!»

«ምን ብለሽ ጻፍሽልኝ?» ድምፁ ተሰበረ። «የትኛውን? መቼ?»

«አሁን ደግሞ አላየሁም በለኝ!»

አንድ እርምጃ ወደ እሷ መጣ፤ መልሶ ቆመ። ሊናገር ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይታዋለች፤ ግን ሆድ ይፍጀው ብሎ ዋጠው። ሱረያ ዝምታውን ጥፋቱን እንዳመነ ቆጠረችው። ሰው ሲቆስል መቼም የሚወረውረው አያጣም፤ እሷም የማይወረወር ነገር አነሳች።

«አባባ ቢሰሙ ምን እንደሚሉኝ አሁን ገባኝ። ከአሳ አጥማጅ ምን ጠበቅሽ ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። አንተ መብላትህን እንጂ መንጠቆህ ላይ ማን እንደተሰቀለ ግድ የለህም!»

ሙነወር ጎንበስ ብሎ መረቡን አነሳ፤ ጣቶቹ ግን ቀዳዳውን ማግኘት አቃታቸው። እሷ ጀርባዋን ሰጥታው ስትሄድ እያለቀሰች ነበር፤ ስላለቀሰችም በራሷ ይበልጥ ተናደደች።

ካሜራዎቹን ነቅላ ለአንዴም ለሁሌም ልትሄድ ወደ ተራራው ወጣች። የመጀመሪያዋ ወይራዋ ናት። ሳጥኑን ከፈተች።

ደብዳቤዋ እዚያው ነው።

አራት ቦታ እንደታጠፈ፣ እሷ እንዳስቀመጠችው። ሸረሪት አንዱን ጫፍ ከሳጥኑ ጋር ሰፍታዋለች። ሱረያ እዚያው ቁጭ አለች። ፎቶዎቹን ከፈተች። ሐሙስ፣ የራሷ ፊት፣ እየሳቀች። ከዚያ ሚዳቋ። ከዚያ ሁለት ጦጣ። ዓርብ ባዶ ነው፤ የዓርብ ፊት የለም። ቅዳሜ ጠዋት ግን ሰዎች ናቸው፤ ጦር የያዙ፣ ውሻ ያስከተሉ፣ ተሰልፈው ወደ ቀይ ገደል የሚወጡ። ከኋላ ሙነወር አለ። ሌሎቹ ፊት ፊታቸውን ያያሉ፤ እሱ ብቻ ዞሮ ካሜራውን አይቷል። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ፈገግ ብሏል። አይዞሽ እንደሚል ሰው።

ያኔ ሁሉ ነገር ተገለጠላት። እሱ የሚያውቀው ነብሯ ዋርካው ዋሻ እንዳለች ነው። ቅሬውን ቀይ ገደል ብሎ የላከው ባዶ ነው ብሎ ነው። ለእሷ ነብር ሲል ቁርኣን ይዞ ዋሽቷል። በዚህች ደብዳቤ አጠገብ አንድ ክንድ ርቆ አልፏል፤ ያ ሁሉ ሰው እያየው ሳጥን መክፈት አልቻለማ! በስልክ እንዳትነግረው የከለከላትም የራሷ ሕግ ነው። ነብሯስ ለምን ቤት ቀየረች? ሰው ሲያዘወትርባት እናት ነብር ልጇን ይዛ ትሸሻለች፤ ይህን ሱረያ በየዓመቱ ክፍል ውስጥ ታስተምረዋለች። ዋርካው ዋሻ ደጃፍ ደግሞ ሦስት ጊዜ ተመላልሳ ሌንስ ያስተካከለችው ራሷ ናት።

«ያ ረቢ! ምን አድርጌ ነው ምን ያልኩት?»

ደብዳቤውን ጨብጣ ቁልቁል ሮጠች። ጫማዋ አንዱ ወለቀ፤ ትታው ሮጠች። የሙነወር ቤት ስትደርስ ደጁ በሰው ሞልቷል። የእማማ ሀዲያ ሕመም ስለጠና የቅሬው ሽማግሌዎች ዱአ ሊያደርጉላቸው መጥተዋል። የቅሬው ዳኛ ሼህ ኑርዬ መሀል ላይ ተቀምጠዋል፤ ፍየሎቹ ያለቁበት ደሳለኝም ነጠላውን አደግድጎ ከጎናቸው አለ። ሙነወር በር ላይ ቆሟል።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ሱረያ ያፈሰሰችው ግን የማይለቀም ነበር።

«አላወቀም!» አለች ገና ከአጥሩ ሳትገባ። «ወላሂ አላወቀም! ደብዳቤዬን አላነበበውም፣ ይኸው እንደታጠፈ! ነብሯን አሳልፎ አልሰጠም፣ ሌላ ቦታ ነበር የላካችሁ! ይቅር በለኝ ሙነወር፣ ይቅር በለኝ…»

ሙነወር ዓይኑን ጨፈነ። ያን ጊዜ ነው ሱረያ ዱአው መቆሙን ያስተዋለችው። ከቤት ውስጥ የእማማ ሀዲያ ሳል ብቻ ይሰማል።

ሼህ ኑርዬ ቀስ ብለው ተነሱ። አልጮኹም፤ ቢጮኹ ይሻል ነበር። «ሙነወር፣ ልጄ» አሉ፤ «ዓርብ ዕለት እጅህ ላይ ምን ነበር?»

«ቁርኣን» አለ።

«ነብሯ ቀይ ገደል አለች ስትለን፣ ልብህ የት ነበር ያላት?»

ሙነወር ሱረያን አያት። ቁጣ አልነበረበትም፤ ድካም ብቻ። «ዋርካው ዋሻ» አለ።

«አቦ ሙነወር!» ደሳለኝ ጭንቅላቱን ያዘ። «ፍየሎቼ አልቀው ልጆቼ ሲያለቅሱ አብረኸኝ አላለቀስክም? በአውሬ ለወጥከኝ?»

ሱረያ «የኔ ጥፋት ነው፣ እኔን ቅጡኝ» እያለች ከሼሁ እግር ሥር ወደቀች። እሳቸውም እንደ ራሳቸው ልጅ በክብር አነሷት። «አንቺ እንግዳ ነሽ፣ የኔ ልጅ። አንቺን የሚቀጣ ሕግ የለንም» አሏት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ሙነወር ያን ዕለት ከቅሬ ተባረረ። ሽማግሌዎቹ የእማማ ሀዲያን ዱአ ጨርሰው፣ አንድ በአንድ፣ ሰላም ሳይሉት በአጠገቡ አለፉ። ሱረያም ከሙነወር «ሂጂ» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነበር ያገኘችው።

በዘጠነኛው ቀን ሀፊዛ ደወለችላት። ድምፅዋ ደርቋል።

«እማዬ ጎህ ሲቀድ ሱብሂ ላይ አረፈች፣ እትዬ ሱረያ። እስከ ቀትር፣ እስከ ዙህር ሶላት ደጃችንን ሰው አልረገጠውም። ሬሳዋን ይዘን እኔና እሱ ብቻ…» አለች። «ከዚያ ወንድሜ ድንጋይ ተሸክሞ ሼህ ኑርዬ ደጅ ሄዶ ተንበረከከ። ማሩት። መጀመሪያ አካፋውን ያነሳው ጋሽ ደሳለኝ ነው፤ እያለቀሰ ነው የቆፈረላት። ግን…»

«ግን ምን?»

«ማል አሉት። ካሜራውን እንዲተው። አንቺንም እንዲተው። በእማዬ ጀናዛ ላይ፣ ሬሳዋ ፊት ቆሞ ማለ።»

ሱረያ ለቅሶ መድረስ እንኳ አልተፈቀደላትም። ዓርብ እስኪመጣ ጠብቃ ወደ ወይራዋ ወጣች፤ ሰባቱን ካሜራ ነቅላለች፣ የቀረችው የወይራዋ ናት። ከጁምአ በኋላ ኮቴ ሰማች። ሙነወር ነው። ከስቷል፣ ጢሙን አልተላጨም። ሦስት እርምጃ ራቅ ብሎ ቆመና ቁልፉን ድንጋይ ላይ አስቀመጠላት።

«ይህን ልመልስ ብዬ አስፈቅጄ ነው የመጣሁት» አለ። «አልቆይም።»

«እማማን አላህ ይማራቸው።»

«አሚን።»

«ሙነወር፣ ደሴ እንሂድ። አባባን እኔ…»

«ተይ፣ ሱረያ።» አሁን ብቻ ነው ቀና ብሎ ያያት። «አንዴ በሐሰት ምዬ ነብሯን ገደልኳት። ያቺ ሚጢጢ ግልገሏም ከዚያ ወዲህ አልታየችም፤ ቀይ ገደል ሄጄ ቀን ሙሉ ፈልጌያታለሁ። ሁለተኛ በሐሰት ምዬ እናቴን ከተኛችበት አልቀሰቅስም። እወድሻለሁ። ግን አልችልም።»

እንግዲህ ምን ይባላል? ከሐይቁ ነፋስ መጣና የወይራዋን ቅጠል ነካካው። ሙነወር ሊሄድ ዞረ፤ ሁለት እርምጃ ሄዶ ቆመ። ጀርባውን እንደሰጣት ጠየቃት።

«ያ ደብዳቤ… ምን ይል ነበር?»

ሱረያ ደብዳቤውን ይዛዋለች። ኪሷ ውስጥ ጣቶቿ ጨብጠውታል። ሽማግሌ ላክ፣ አባባን እኔ እችላቸዋለሁ። ሦስት ወር የጠበቀው መልስ ይኸው እዚህ ነው። ብትነግረው፣ በአንድ ክንድ ርቀት አልፎት የሄደው ምን እንደነበር ዕድሜ ልኩን ሲያስብ ይኖራል። ጀልባው ላይ ያስባል፣ እናቱ መቃብር ላይ ያስባል። እሷ ደግሞ ልትነግረው ነፍሷ ወጣች። ወላሂ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር።

«ስለ ነብሯ ብቻ ነው» አለች። «ቦታ ቀይራለችና ተጠንቀቅ ነው የሚለው።»

«ሌላ ምንም?»

«ሌላ ምንም።»

ሙነወር ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። «አልሀምዱሊላህ» አለ። «ሌላ ነገር አምልጦኝ ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አልነበረኝም።»

ቁልቁል ወረደ። ሲመጣ የጎበጠው ትከሻው ሲሄድ ቀና ብሎ ነበር። ሱረያ ከዓይኗ እስኪጠፋ ቆማ አየችው። ከዚያ ወይራዋን አቅፋ፣ እናት የሞተባት እሷ እስክትመስል አለቀሰች።